ስሟ ገና ቀይ ነው

ስምንተኛ ወር፣ አስራ ሰባት

ሰባ ሰባት ዓመቴ ነው። እንጨት እፈልጣለሁ። ሩዜን እቀቅላለሁ፣ ልብሴን አጥባለሁ፣ ጣሪያ ላይ ወጥቼ የተሰበረ ሸክላ እቀይራለሁ። ጎረቤቴ ሩዋን ከታች ሆኖ «ውረድ አንተ ጅል!» ይላል፤ አልወርድም። ክር በመርፌ ቀዳዳ ያለ መነጽር አስገባለሁ። በሦስተኛው ሙከራም ቢሆን።

ጽሕፈት ግን አይሆንልኝም። ትምህርት ቤት የቆየሁት ሁለት ዓመት አይሞላም። የማውቃቸው ፊደሎች ድንጋይ ላይ የቀረጽኳቸው ናቸው፤ የማኅተም፣ የመቃብር፣ «ረጅም ዕድሜ»፣ «ደስታ»። የኛ የቻይና ጽሕፈት ለየቃሉ የየራሱ ፊደል አለው፤ «ቆንስላ» የሚለውን ማንም አስቀርጾኝ አያውቅም። የማላውቀው ፊደል ጋ ስደርስ ክብ አደርጋለሁ።

ደብተሩን የሰጠችኝ ፓን ናት፣ በከተማችን የጉዞ ወረቀት የምታስጨርሰው ልጅ። «አባባ፣ የሆነውን ሁሉ ይጻፉ፣ ሲጠይቁዎ እንዳይጠፋዎት» አለችኝ። የሚጠፋኝ ነገር የለም። ግን ደብተሩን ተቀበልኩ።

ነገሩ ይህ ነው። ዪንዲ፣ የልጄ የሊቺንግ እናት፣ የልጅ ልጃችንን ልታሳድግ ጣሊያን ከሄደች ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ፕራቶ የሚባል ከተማ ነው። እኔ ያኔ አልሄድኩም። አንድ የምቀርጸው ድንጋይ ጀምሬ ነበር። ዘንድሮ በሦስተኛው ወር ታመመች። አሁን አመዷ እዚያው አገር፣ መቃብር ቦታ፣ ግድግዳ ውስጥ በትንሽ ሣጥን ተቀምጧል።

ሊቺንግ «አባዬ፣ ከርሞ በበጋ ስራ ሲቀዘቅዝ እኔ ይዣት እመጣለሁ» ትላለች። አይሆንም አልኳት። ከባቡር ጣቢያው እስከ መንደራችን አምስት ድልድይ አለ። ድልድይ በተደረሰ ቁጥር ድምፅ ከፍ አድርጎ መጥራት ነው፦ «ዪንዲ፣ ድልድይ ነው፣ ተሻገሪ!» ያልተጠራ ሰው ውሃው ዳር ቆሞ ይቀራል። የሚጠራው ባል ወይም ወንድ ልጅ ነው። ወንድ ልጅ የለንም። ሊቺንግ ደግሞ ሰው ፊት መጮህ ታፍራለች። በልጅነቷ ገበያ ስንልካት ዓሣ የምትሸጠው በሹክሹክታ ነበር።

መቃብር የሚከፈተው በዶንግጂ ነው፣ በአስራ አንደኛው ወር፣ ሌሊቱ ከዓመቱ ሁሉ በሚረዝምበት ቀን። እሱ ካለፈ እስከ ከርሞ ነው። ሰባ ሰባት ዓመቴ ነው ብያለሁ።


ስምንተኛ ወር፣ ሃያ ሁለት

ፓን ቢሮ ሄድኩ። ወረፋ ነበር።

«አባባ፣ ቆንስላው የሚፈራው አንድ ነገር ነው» አለችኝ። «ሄደው እንዳይቀሩ። እዚህ የሚመልስዎት ነገር እንዳለ እናሳያቸው። ቤት፣ መሬት፣ ጡረታ...»

«መቃብር አለኝ።»

«ምን አሉኝ?»

«መቃብር። በእጄ የሰራሁት። ስሜ ተቀርጾበታል። መቃብሩን ጥሎ ሰው አገር የሚቀር ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ወረፋ የያዘ አንድ ጎረምሳ ሳቀ። «ከቤት ካርታ ይበልጣል!» አለ። ፓን አልሳቀችም። «ፎቶውን ያምጡልኝ» አለች። ብልህ ልጅ ናት።

ቅጹን ልሙላልዎት ብትለኝ እምቢ አልኩ። እሷ እያነበበችልኝ እኔው ምልክት አደረግኩ። የጋብቻ ሁኔታ የሚለው ላይ አራት ሣጥን አለ፤ ያላገባ፣ ያገባ፣ የፈታ፣ የሞተበት። እዚያ ላይ ስልክ ተደወለላት። እሷ ስታወራ ሞላሁትና ገጹን ገለበጥኩ።

ስወጣ ጎረምሳው ለጓደኛው «ምስኪን ሽማግሌ» ሲል ሰማሁት። ምስኪን አባቱ ነው።


ስምንተኛ ወር፣ ሃያ አምስት

ፎቶ ለማንሳት ከሩዋን ጋር ወደ መቃብሩ ወጣን። ሩዋን ስፔን ሃያ ዓመት ሰሃን አጥቦ የተመለሰ ሰው ነው። ስልኩ ከኔ ይሻላል፣ ምላሱም እንዲሁ።

መቃብሩ እንደ ባለ መደገፊያ ወንበር ሆኖ ወንዙን ያያል። ሁለት አፍ አለው፣ የሷና የኔ። ከላይ ሁለት ስም። በሕይወት ያለ ሰው ስም ቀይ ይቀባል፤ ሲገባ ይጠቁራል። የሷን ዝናብ አደብዝዞት ስለነበር በአዲስ ቀይ ደገምኩበት። ለፎቶው እንዲያምር።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን እያደረግክ ነው?» አለ ሩዋን።

«አታይም? እየቀባሁ።»

«ከፀደይ ጀምሮ ጥቁር መሆን ነበረበት እኮ።»

«ገና አልገባችም። ያልገባ ሰው ስም አይጠቁርም።»

«ይህን ሕግ ማን አወጣው?»

«እኔ።»

«አንተስ ከምትጠርበው ድንጋይ ትብሳለህ።»

«ዝም ብለህ አንሳ፣ ሰሃን አጣቢ!»

አነሳ። ሲወርድ ግን ሲያጉረመርም ሰማሁት፤ «ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም ቀይ» ይላል ለብቻው።


ዘጠነኛ ወር፣ ዘጠኝ

የሽማግሌዎች በዓል። የሩዝ ኬክ ገዛሁ። ሁለት ገዝቼ አንዱ ሳይነካ ቀረ።

ሊቺንግ ደወለች። የግብዣ ደብዳቤውን ልካለች። «የእናቴን አመድ ለመውሰድ ይመጣል ብዬ ጽፌያለሁ፣ አንተም እንደዚያው በል፣ እሺ?» አለችኝ። እሺ አልኩ። ከኋላዋ ባሏ «መጥተው ቢታመሙስ? ማን ይይዛቸዋል?» ሲል ድምፁ መጣ። «ቀስ በል፣ ይሰማል» አለችው። አልሰማሁም። ማለቴ፣ ምንም አላልኩም።

የልጅ ልጄ ዩሃን ስልኩን ነጥቆ «ኖኖ» አለኝ። «አያት ማለቱ ነው» አለች ሊቺንግ። «አቤት» አልኩት። ሌላም ነገር በጣሊያንኛ አወራ፤ ረጅም ነበር። እስኪጨርስ ጠበቅኩና እንደገና «አቤት» አልኩት። እሱን ያሳደገችው ዪንዲ ናት። እንዴት ነበር የሚግባቡት?

ስልኬ ጠዋት ጠዋት ባትሪው አልቆ ይገኛል። አሮጌ ስልክ ነው።


ዘጠነኛ ወር፣ ሃያ ሦስት

ሻንጋይ። ከቆንስላው ስመለስ ባቡር ውስጥ እጽፋለሁ፤ ፊደሌ ተንጋዷል፣ የባቡሩ ነው።

ወረቀት የሚቀበሉት ከመስታወት ኋላ ሆነው ነው። ወጣት ልጅ ናት፣ ፀጉሯን በእርሳስ ያሰረች። ለአሻራ ጣት ማሽኑ ላይ ማሳረፍ ነበር።

«ይጫኑ አባባ። ትንሽ ጠንከር።»

ተጫንኩ። ማሽኑ ጮኸ።

«እንደገና።»

ጮኸ። በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችልኝ። ጮኸ። አለቃዋ መጣ፣ መዳፌን ገልብጦ አየ። «ስራዎ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ።»

«ድንጋይ ምን?»

«መቅረጽ። ከአስራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ።»

የጣቴን መስመር ድንጋዩ በልቶታል። ሰው ሁሉ የሚያየው ይህን ነው፤ እኔ ግን ትዝ የሚለኝ ሳንቲም ከጣቴ ሲያመልጥ ብቻ ነው። ስንት ጊዜ እንደሞከርን አላውቅም፣ በመጨረሻ ማሽኑ ዝም አለ። ልጅቷ አጨበጨበች። እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ ጠየቀችኝ።

«ባለቤትዎ አብረው አይሄዱም?»

«እሷ ቀድማ ሄዳለች።»

«የት ናቸው?»

«ፕራቶ።»

«እርስዎ ሲመለሱስ?»

«አብረን ነው የምንመለሰው።»

«ደስ ይላል» አለችና ጻፈች። ጥሩ ሆኖ አለፈ። አንድም አልዋሸሁም።


አስረኛ ወር፣ ሦስት

ሩዝ እርሻው ውስጥ ያደጉትን ዓሦች በጭስ አደረቅኩ። ዪንዲ የዚያ አገር ዓሣ ሁሉ እርግማን ነው ትል ነበር። በወረቀት ጠቅልዬ ሻንጣው ውስጥ አኖርኩ። ለነሊቺንግ ነው።

ጥቁር ጃንጥላም ገዛሁ። ሣጥኑ ሰማይ እንዳያየው በጃንጥላ ሥር ነው የሚመጣው።


አስረኛ ወር፣ ስድስት

ከጣቢያው እስከ ቤት በእግሬ ሄድኩ። ለመለማመድ። ሩዋን ተከተለኝ። በመጀመሪያው ድልድይ ላይ ቆምኩ፣ አፌን ከፈትኩ፣ ሞተር ብስክሌት አለፈ፣ ዘጋሁት።

«ጥራ እንጂ» አለ ሩዋን።

«አሁን ምን አለና ነው የምጠራው?»

«አፈርክ።»

«ማን? እኔ?»

«ልጅቷን ታፍራለች ብለህ ታማታለህ። ከማን የወረሰችው ይመስልሃል?»

ሦስተኛው ድልድይ ላይ ለብቻዬ ቀድሜው ሄድኩ። ጉንፋን ይዞኛል፣ ድምፄ ልክ አይደለም።


አስረኛ ወር፣ አስራ አንድ

ፓስፖርቱ መጣ። በሞተር አመጡት። ገጽ በገጽ ገለጥኩት፣ ባዶ ነው። አንድ ወረቀት አለበት፤ አብዛኛው ለኔ ክብ ነው።


አስረኛ ወር፣ አስራ ሁለት

ፓን አነበበችልኝ። ተከልክሏል። ስለ ጉዞው ዓላማና ሁኔታ የቀረበው መረጃ አይታመንም ይላል። አይታመንም።

ፓን የቅጹን ቅጂ አወጣች። ጣቷን ሣጥኑ ላይ አደረገች። ከዚያ ሊቺንግ በስልክ።

«አባዬ፣ ያገባ ብለህ ነው የሞላኸው?»

«አግብቼ የለም እንዴ?»

«አባዬ!»

«አርባ ስምንት ዓመት! ፈታኋት እንዴ? ንገሪኝ፣ ፈታኋት?»

«እኔ አመዷን ሊወስድ ነው ብዬ ጻፍኩ። አንተ አብረን እንመለሳለን አልክ። እነሱ ምን ይበሉ? ከሁለት አንዳችን ዋሽተናል አሉ።» አለቀሰች። «የእናቴን የሞት ወረቀት እኔ ነኝ የተቀበልኩት። ብቻዬን። አንተ እዚያ ሆነህ ያገባ ትላለህ።»

ዘጋሁት። ስልኩን ነው የዘጋሁት።

ፓን ወዲያው «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ማየት ነበረብኝ» አለች።

«ጥፋቴን አትንጠቂኝ» አልኳት።

እንደገና ማመልከት ይቻላል አለች። ግን ቶሎ። ወረፋ ለአስራ ስምንተኛው ቀን አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ዶንግጂን ያልፋል። ነገ ልንገርሽ ብዬ ወጣሁ።


አስረኛ ወር፣ አስራ ሦስት

ዝናብ። ፓን ጋ አልሄድኩም።

ሩዝ አረረብኝ።


አስረኛ ወር፣ አስራ አራት

ዝናብ። ዶሮዎቹን ዘጋሁ።

አይታመንም። እኔን ነው። ቃሌን ይዞ ያልሄደ ድንጋይ ገዢ እዚህ ወረዳ የለም።

ፓን ሁለት ጊዜ ደወለች። አላነሳሁም።


አስረኛ ወር፣ አስራ አምስት

ዛሬ ብዙ እጽፋለሁ። ጨረቃዋ ሙሉ ናት፣ መብራት አላስፈለገኝም።

ባትሪው ለምን እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ስልኩ ውስጥ ድምፅ አለ። ዪንዲ በሁለተኛው ወር የላከችው ነው። እንዲህ ይላል፦ «አንተ ሽማግሌ፣ በልተሃል? ዶሮዎቹን ዘግተሃል? ድንጋይህ አላለቀም ወይ? መቼ ነው የምትመጣው?» ከዚያ ትንሽ ትስላለች። ከዚያ ዩሃን የሆነ ነገር ይላታል፣ ትስቃለች፣ ያልቃል።

«መቼ ነው የምትመጣው?» ዓመት በዓመት ነበር የምትለኝ። መጀመሪያ ላይ እውነትም ድንጋይ ነበር፣ ትልቅ፣ ዘንዶና ደመና ያለበት። አለቀ፣ ተሸጠ። ሌላ ጀመርኩ። እሷ አልሄድም ማለት ትችል ነበር፤ ልጇን መርጣ ሄደች። እኔን ካልጠየቁኝ ለምን እለምናለሁ? ፓስፖርት ለምኔ? እያልኩ ሩዋን ፊት እፎክር ነበር። ጠይቃኝ ነበር ግን። ጠይቃኛለች። መልስ ሳልሰጥ ዝም ያልኩት ለዚያች ለመጨረሻዋ ብቻ ነው፤ ያን ሰሞን ድንጋይ አልነበረኝም፣ የምለው ጠፋኝ። ነገ እመልሳለሁ አልኩ።

ሳይጠቁር ይቆይ ያልኩት ለዚህ ነው መሰለኝ። ቀይ ከሆነች ገና ትጠብቃለች።

ሌላ ሰው ይህን ደብተር እንዳያነብ።


አስረኛ ወር፣ አስራ ስድስት

ጠዋት ሩዋንን ቀሰቀስኩት። «ጥቁር ቀለም አለህ?»

አየኝ። ምንም ሳይጠይቅ ቆርቆሮውንና ቡሩሹን ይዞ ወጣ።

መቃብሩ ጋ ተንበረከክኩ። ፊደሉን የቀረጽኩት ራሴ ነኝ፣ ጎድጓዳውን ጣቴ ያውቀዋል፣ መስመር ይኑረው አይኑረው። ቀዩን በቢላ ፋቅኩ። አልወጣ አለ፤ አዲስ የደገምኩት ነበራ። ሩዋን ቆርቆሮውን ይዞ ቆሟል። «ስፔን እያለሁ እኔም...» ብሎ ጀመረና ተወው። እኔ ሳውቀው ወሬ ጀምሮ ሲተው የመጀመሪያው ነው።

ስሟ ጠቆረ። የኔ አጠገቡ ቀይ ነው። ብቻውን ቀይ ሆኖ ሲታይ አላማረኝም።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ፓን ወረድን። ሱሪዬ ጭቃ ነበር። «አባባ፣ ስጠብቅዎ ነበር እኮ! ወረፋውን ይዤልዎታለሁ» አለች። እሺ ሳልላት ነው የያዘችው። አራተኛዋን ሣጥን ራሴ ሞላሁ። ቀስ ብዬ ሳይሆን አይቀርም፤ የቀዳችልኝ ሻይ ቀዘቀዘ።

ማብራሪያ ይጠይቃሉ አለች። ልጻፍልዎት አለች፣ ከዚያ እኔን አየችና ወረቀት ሰጠችኝ። የጻፍኩት ይህ ነው፦

«ሚስቴ ዪንዲ ናት። በኛ አገር መቃብሩ ያልገባ ሰው መንገድ ላይ ነው ይባላል። መንገድ ላይ ያለችን ሴት የለችም ብዬ መጻፍ አቃተኝ። አሁን ጽፌያለሁ። ልጄ የጻፈችው እውነት ነው። እባካችሁ ሄጄ ላምጣት። አልቀርም፤ የምቀርበት ቦታ እዚህ ተሰርቷል፣ ፎቶውን አያይዣለሁ።»

ሁለት ቦታ ክብ ነበረበት። ፓን በኮምፒውተር ጻፈችው፤ ባለ ክቡንም አብራ አያያዘችው። «ይሄኛውን ይዩት» አለች።


አስረኛ ወር፣ አስራ ስምንት

ሻንጋይ። ያቺው ልጅ፣ ያው እርሳስ ፀጉሯ ላይ። አወቀችኝ።

«የጣትዎ አሻራ ባለፈው ተይዟል፣ ደግሞ አያስፈልግም።»

«ጥሩ። የቀረ የለውም።»

ፈገግ አለች፣ ከዚያ ወረቀቱን አይታ ተወችው። «ማረጋገጥ ስላለብኝ ነው አባባ። ባለቤትዎ...»

«ሞታለች።»

ጮክ ብዬ ኖሯል፤ ከኋላዬ የነበሩት ቀና ብለው አዩኝ። ለካ አፌ ይችለዋል።

ማኅተሙን መታች። በመስታወቱ ቀዳዳ ጎንበስ ብላ «ውጭ እየዘነበ ነው፣ ጃንጥላዎን እንዳይረሱ» አለችኝ። አልረሳሁም። አልዘረጋሁትም ግን፤ እሱ ለዝናብ አይደለም።


አስረኛ ወር፣ ሃያ አራት

የለም።


አስረኛ ወር፣ ሃያ ስድስት

የለም። ሩዋን ስለ ሞተረኛው ቀለደ። አልሳቅኩም። እሱም አልሳቀም።


አስረኛ ወር፣ ሃያ ዘጠኝ

መጣ! ፎቶዬ ያለበት ወረቀት ገጹ ላይ ተለጥፏል። ፎቶው ውስጥ ያኮረፍኩ እመስላለሁ። ሩዋን መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ አሳየ፣ የራሱ ይመስል። ፓን ትኬቱን ቆርጣልኛለች፤ ሄጄ ከዶንግጂ በፊት እመለሳለሁ። እንመለሳለን።

ሊቺንግ ጋ ደወልኩ። ከዚያን ቀን በኋላ ራሴ ስደውል የመጀመሪያዬ ነው።

«ከመቃብር ቦታው እስከ አውሮፕላኑ ስንት ድልድይ አለ?» አልኳት።

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ሰባት» አለች። «ትናንት ሄጄ ቆጠርኳቸው።»

«አዩሽ ሰዎች?»

«ምን ያያሉ፣ መኪና ውስጥ ነኝ። ለመጥራትም ሞከርኩ አባዬ። መስኮቱን ዘግቼ።»

«ስንመጣ ትከፍቺዋለሽ።»

«እከፍተዋለሁ» አለች። ከዚያ «በልተሃል?» አለችኝ፣ ቁርጥ እናቷን።


አስራ አንደኛ ወር፣ አንድ

ሻንጣው በር ላይ ነው። ዓሣው፣ ጃንጥላው፣ ያልተከፈተ ካልሲ። ማንም ሳይከፍልልኝ ራሴ የምከፍላቸውን ዕዳዎች እጽፋለሁ፤

ለሩዋን፦ አንድ ቡሩሽ፤ ጥቁሩ አልለቅ ብሎት ተበላሽቷል። ዶሮዎቼን ይመግባልና እንቁላሉ የሱ ነው። ሰሃን አጣቢ ማለቴን አላነሳም።

ለፓን፦ በስሟ ማኅተም። ድንጋዩን መርጫለሁ፣ ማር የመሰለ ቢጫ። ስመለስ እቀርጸዋለሁ።

ለዩሃን፦ አንድ ሙሉ ንግግር። «አቤት» ያልሆነ።

ለሊቺንግ፦ ስልክ ስለመዝጋቴ። ወረቀቱን ብቻዋን ስለመቀበሏ። ይህ በስልክ አይከፈልም፣ ፊቷን እያየሁ ነው።

ለድልድዮቹ፦ እዚያ ሰባት፣ እዚህ አምስት። ሞተር ብስክሌት ቢያልፍም ባያልፍም።

ለዪንዲ፦ «መቼ ነው የምትመጣው?» ላልሽኝ መልስ።

ነገ።